ሊሴ ፓሴ ምሕረት አይደለም

ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ቦርደዴን የሚያስታውሳት በሙቀቷና መንገዷን በሚያጣብቡት ከባድ መኪኖች ነው። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ የሚሄደው ጭነት በመሐሏ ያልፋል። ጭነቱ ሰነድ አለው፤ ሹፌሩ ኬላ ላይ ሲያስቆሙት ወረቀቱን ያወጣል፣ አሳይቶ ያልፋል። በዚሁ አስፋልት ወደዚያው አቅጣጫ የሚጓዙት የጉምቢ ቦርደዴ፣ የሚኤሶ፣ የዶባና የጭሮ ልጆች ግን የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። መድረሻቸው ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። አንዱ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ይወጣል፣ ሌላው በሐርጌሳ አድርጎ ቦሳሶ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር የሳዑዲዋ ጂዛን።

ስለነዚህ ልጆች በምዕራብ ሐረርጌም ሆነ በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ንግግር ሰፍኗል። በስብሰባ አዳራሽ ይባላል፣ በሬዲዮ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎችም ይሉታል። ሲጠቃለል አራት ነገር ነው። ልጆቹ የሚሄዱት ስላልገባቸው ነው፤ ሳሩን እንጂ ገደሉን እንደማያይ በሬ ናቸው። የሚያስኮበልላቸው ደላላ ነው። ሳዑዲ ከገቡ በኋላ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ መኖራቸው ጥፋት ስለሆነ መንግሥት ሊውልላቸው የሚችለው ትልቁ ውለታ አውሮፕላን ልኮ መመለስ ነው። እዚያው እንዳሉ ሕጋዊ ይሁኑ ማለት ደግሞ የቀረውን ወጣት ና ተከተል ብሎ መጥራት ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አይደሉም። አብዛኞቹ ልጅ የቀበሩ፣ ወይም የሚቀብሩት አስከሬን እንኳ ያላገኙ ናቸው። ንግግሩ ግን ስህተት ነው፤ በስህተቱ ላይ የቆመው ፖሊሲም ሰው እያስጨረሰ ነው። ወረቀት አልባ ስደተኛ የሚፈጠረው በሁለት መንግሥታት መካከል በተዘጋ በር ነው። የሚቀነሰውም እዚያው ያለው ሰው ኢቃማ የሚያገኝበት፣ ገና ያልሄደውም በሕግ የሚሄድበት መንገድ ሲከፈት ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰዎች ከሪያድ ሰዎች ጋር ሲቀመጡ አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የመመለሻ በረራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አላወቁም ከሚለው እንጀምር። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አይ ኦ ኤም እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ወደ 138,000 የሚጠጉ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ተሻግረው የመን ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ኮሮና ድንበሮችን ሲዘጋ ቁጥሩ ወደ 37,500 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ወደ 97,000 ወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ግንዛቤ የማስጨበጫ ስብሰባ፣ ድራማና ባነር አልጎደለም። ቁጥሩን ያወረደው ወረርሽኙ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ሰዉ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ደግሞስ የትኛው ገደል ነው ያልታየው? ሰኔ 2016 ዓ.ም. ከቦሳሶ 260 ሰው ጭና የተነሳች ጀልባ የመን ባሕር ዳርቻ ላይ ስትሰጥም 49 ሰው ሞተ፣ 140 ሰው የደረሰበት ጠፋ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በየመን አብየን ጠረፍ ሌላ ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ አስከሬን ተለቀመ፤ ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው የኛው ልጆች ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ብሎ ከሰሰ፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባበለ። ይህ ወሬ ጭሮም ሂርናም ገበያ ላይ ይሰማል። ከሬዲዮው ቀድሞ የሚሰማው በስልክ ነው፤ የመን ውስጥ ልጁን ሆሽ፣ ማገቻ ግቢ፣ ያስገቡት ሰዎች ለአባት ደውለው የልጁን ጩኸት ያሰሙታል፣ ገንዘብ አስገባ ይሉታል። አባት ፍየሉን ይሸጣል፣ ላሙን ይሸጣል፣ የጫት ማሳውን በመያዣ ይሰጣል። ይህን ላየ ቤተሰብ በአዳራሽ ሰብስቦ ስደት አደጋ አለው ማለት የሚያውቀውን መልሶ መንገር ነው።

የመንገዱን ዝርዝር ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ይህን አልክድም። በዕድሜያቸው ለጋ የሆኑ፣ ለወላጅ ሳይናገሩ ከትምህርት ቤት የሚጠፉ አሉ፤ ለነሱ ማስጠንቀቂያው ይጠቅማል። ብዙው ተጓዥ ግን የሚሄደው አስልቶ ነው። ዝናብ ሲያመልጥ ማሽላው እንደሚቀር ያውቃል። የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ ተከፋፍሎ ለሱ ምን እንደሚተርፈው ያውቃል። ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት የሠራው በምን ገንዘብ እንደሆነ ያውቃል። የሞትን ዕድልና የኑሮን ዕድል አስቀምጦ ይመዝናል። ሚዛኑን አልወደው ይሆናል፤ ሚዛን የለህም ልለው ግን አልችልም። ሌላ ሚዛን እንዲጠቀም ከፈለግን በሁለተኛው ሰሐን ላይ የምናስቀምጠው አንድ ነገር ያስፈልገናል፤ እሱም በፓስፖርትና በቪዛ፣ በአውሮፕላን የሚኬድ ጉዞ ነው።

ወደ ደላላው እንሂድ። ደላላ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውን አፍኖ ገንዘብ የሚቀበል፣ የሚያሰቃይ፣ ሴት የሚደፍር አለ፤ ለዚያ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ደንግጓል፣ ይገባዋልም። ክርክሬ እሱ ይፈታ አይደለም። ክርክሬ ደላላውን የስደቱ ምክንያት አድርጎ መቁጠር ነገሩን ይገለብጠዋል የሚል ነው። ደላላ የሚኖረው መንግሥት የዘጋውን በር ስለሚሸጥ ነው።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ። የታሰበው ዜጋን ከግፍ ማዳን ነበር። እገዳው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። በእገዳው መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ወደ የመን የተሻገረው ሰው ቁጥር ከ117,000 በላይ ደረሰ፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቁጥር መያዝ ከጀመረ ወዲህ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛው ነበር። ያውም የመን በጦርነት በምትነድበት ዓመት። ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች ቢሯቸውን ሲቆልፉ የደላላው ስልክ አላረፈም። እገዳው ስደቱን ከአውሮፕላን ወደ ጀልባ አዛወረው እንጂ አላስቆመውም።

እገዳው ከተነሳ በኋላስ? በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛ የሚሄደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳደረገችበት አገር ነው፤ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ መሆን ነበረበት፣ የብቃት ምዘና ማለፍም ይጠበቅበታል። የ8ኛ ክፍሉ ግዴታ በ2013 ዓ.ም. ማሻሻያ ተነስቷል። ያልተነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ከሳዑዲ የሚመጣው የሥራ ጥያቄ በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ ነው፣ የሚፈለጉትም ሴቶች ናቸው። የቦርደዴ ወንድ ልጅ ሳዑዲ ሲደርስ የሚሠራው ግን ፍየልና ግመል ጥበቃ፣ እርሻ፣ የግንባታ ጉልበት ሥራና መኪና አጠባ ነው። ለዚህ ሥራ እሱን የሚፈልግ አሠሪ እዚያ አለ፤ ባይኖር አይሄድም ነበር። በሕጋዊው መስመር ግን እሱን የሚጠራ ወረቀት የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት 600 ብር የነበረው ፓስፖርት 5,000 ብር ገብቷል። ከቀበሌ መታወቂያ እስከ አሻራ፣ ከጤና ምርመራ እስከ ሥልጠና እያንዳንዱ ጣቢያ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለው።

እንግዲህ ለዚህ ልጅ ደላላው የሕጋዊው መንገድ ተፎካካሪ አይደለም፤ ያለው መንገድ እሱ ብቻ ነው። ሌላ በር ሳይከፈት አንድ ደላላ ሲታሰር የሚቀጥለው ደላላ ዋጋ ይጨምራል፣ መንገዱን ከዋናው አስፋልት ወደ በረሃ ያርቀዋል። የዋጋውን ልዩነት የሚከፍለው ያው ላሙን የሚሸጠው አባት ነው።

ሦስተኛው፣ በሰፊው የሚታመነው፣ መመለስ ትልቁ ውለታ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን ማየት ይኖርብናል፣ ምክንያቱም የሳዑዲ የምሕረት አዋጆች ምን እንደሰጡንና እኛ ምን እንዳደረግንባቸው ብዙ ሰው አያውቅም።

በመጀመሪያ፣ ወረቀት አልባ የሚሆነው በባሕር የገባው ብቻ አይደለም። በሳዑዲ የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው፣ ከካፊሉ፣ ጋር የተሳሰረ ነው። በቦሌ በኩል ቪዛ ይዛ የሄደች ልጅ ደመወዝ ከልክለዋት ወይም ደብድበዋት ከቤት ብትወጣ ካፊሏ ጠፋች ብሎ ያመለክታል፤ ሁሩብ ትባላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባሕር ከመጣው ልጅ እኩል ወረቀት አልባ ናት። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ የሚቀይርበትን ማሻሻያ ሥራ ላይ አዋለች፤ የቤት ሠራተኞች፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ እረኞች፣ አትክልተኞችና የቤት ሹፌሮች ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። የሐረርጌ ልጅ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ዘርዝሮ የዘለለ ይመስላል።

ከዚያ ምሕረቶቹ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሳዑዲ መንግሥት የሰባት ወር ያህል የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘጋ። ያ ጊዜ የመውጫ ብቻ አልነበረም። በቪዛ ገብቶ ፈቃዱ የተበላሸበት ሰው አዲስ አሠሪ አግኝቶ ወረቀቱን እንዲያስተካክል በር ከፍቷል፤ ከሌሎች አገሮች የመጡ እጅግ ብዙ ሠራተኞች ተጠቅመውበታል። ድንበር አቋርጦ የገባው ግን ውጣ ተባለ፤ የኛ ሰው በአብዛኛው ከዚህኛው ወገን ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልቅ አፈሳ ተጀመረ፤ በሪያድ መንፉሃ ሠፈር ደም ፈሰሰ። በቀጣዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጭነው መጡ። ቦሌ ላይ ብርድ ልብስና ውኃ ይዘን ተቀበልናቸው። ያንን ማድረጋችን መልካም ነው። ከሰባቱ ወር በፊት ወይም በሰባቱ ወር ውስጥ ድንበር አቋርጠው የገቡትም ይስተካከልላቸው ብሎ የጠየቀ የኢትዮጵያ ድምፅ ግን እኔ በአደባባይ አልሰማሁም።

ሁለተኛው ምሕረት ይበልጥ ያስቆጫል። ሳዑዲ መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌላ ዘመቻ ከፈተች፤ ለ90 ቀን ታስቦ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዘመ። በዚያ ጊዜ በፈቃዱ የወጣ ሰው ቅጣት አይከፍልም፣ የተባረረ ሰው አሻራም አይያዝበትም ነበር። ትርጉሙ በሕጋዊ ቪዛ ተመልሶ መግባት ይችላል ማለት ነው። መልካም ዕድል ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ የኢትዮጵያ እገዳ አልተነሳም! ሳዑዲ በሕግ ተመልሰህ ና ስትለው የገዛ አገሩ በሕግ መሄድ ክልክል ነው አለችው። አሻራው ንጹሕ ሆኖ የመጣ ልጅ የቀረለት መንገድ መጀመሪያ የሄደበት ብቻ ነበር፦ ደላላ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ። ከዚያ ዘመቻ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከ300,000 በላይ ሰው ተመለሰ። ስንቱ በሕግ ተመልሶ መሄድ ይችል እንደነበር ሲታሰብ፣ ይህ የደላላ ጥፋት ነው ወይስ የፖሊሲ?

ከዚያ የመጣውን የመመለሻ ስምምነት ደግሞ እንይ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ100,000 በላይ ዜጎቿን ከሳዑዲ ለመመለስ ተስማማች። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን በቤት ሠራተኝነት ወደዚያው አገር ለመላክ ዘመቻ ተከፈተ። ዓረብኛ የሚናገሩትን፣ ሥራውን የሚያውቁትን፣ አሠሪ ያላቸውን ከዚያ እያወጣን፣ ዓረብኛ የማይችሉትን አዳዲስ ልጆች ከዚህ እያሠለጠንን ላክን። ኢትዮጵያ የምትልከው ሰው፣ ሳዑዲም የምትሰጠው ሥራ እንዳላት በሁለቱም ወገን ታምኗል ማለት ነው። ታዲያ እዚያው ካሉት መካከል ወንጀል የሌለባቸው የተወሰኑት እንኳ ከመባረር ይልቅ ከሚላኩት ቁጥር ውስጥ ተቆጥረው ኢቃማ እንዲያገኙ መጠየቅ ምኑ ይከብዳል?

የሳዑዲ እስር ቤቶች ሁኔታ መልስ ይፈልጋል፤ አውቃለሁ። በጂዛንና በሌሎች ማቆያዎች ውስጥ ሰዎች ተፋፍገው፣ ታመው፣ ሞተው እንደነበር በኮሮናው ዓመት የወጡት ምስሎችና ሪፖርቶች አሳይተዋል። እዚያ ታስሮ መመለስ የሚፈልግን ሰው በአስቸኳይ ማምጣት የመንግሥት ግዴታ ነው። ይሁንና ከእሳት ማውጣትና እሳት እንዳይነሳ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኤምባሲያችን ወረቀት ለሌለው ዜጋ በብዛት ሲያድል የኖረው ሊሴ ፓሴ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ አገር ቤት ብቻ የሚያስገባ ሰነድ። ስምህን አውቄሃለሁ፣ ዜጋዬ ነህ የሚል ማረጋገጫ የሚመጣው በተባረረበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ሲሠራና ሐዋላ ሲልክ፣ ለፓስፖርት ደጅ ይጠናል። የተመለሰውም ሰው ቦርደዴ ሲደርስ የሚጠብቀው ያው የሄደበት ችግር ነው፤ በዚያ ላይ የደላላ ዕዳ ተጨምሮበት። ስለዚህ ደግሞ ይሄዳል። ደግመው የሄዱ፣ ሦስተኛም የሄዱ በየመንደሩ አሉ።

አራተኛው ክርክር ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ ሕጋዊ ማድረግ ሌላውን ይስባል የሚለው። የሚጠቀሰው ማስረጃም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ወረቀት አልባ ሰዎችን ሕጋዊ አደረገች፤ ከዓመታት በኋላ ግን ወረቀት አልባው እንደገና ወደ 11 ሚሊዮን ደረሰ። ተመልከቱ፣ ምሕረቱ ጠራቸው ይባላል። ሕጉን አቅርቦ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ በውስጥ ላሉት አንድ ጊዜ በር ከፈተ፣ ለሚመጡት ግን ኢኮኖሚው በሚፈልገው መጠን ሕጋዊ የሥራ ቪዛ አላዘጋጀም። የግማሽ ሥራ ውጤት ግማሽ ነው። ስፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ550,000 በላይ ሠራተኞችን ሕጋዊ ስታደርግ መሥፈርቷ ቁርጥ ያለ ነበር፦ አሠሪው ውል ይፈርማል፣ ሠራተኛውን በማኅበራዊ ዋስትና ያስመዘግባል፣ መዋጮውን ይከፍላል። በኋላ የተሠራ የምጣኔ ሀብት ጥናት የመንግሥት ገቢ መጨመሩን አገኘ፤ በዚያ ምክንያት አዲስ የስደተኛ ጎርፍ መጣ የሚለውን ግን አላገኘውም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሕጋዊ ማድረግ ከሥራ ውል ጋር ሲታሰርና ለቀጣዩ ሰው ሕጋዊ መግቢያ አብሮ ሲከፈት፣ ሰው ጀልባ የሚሳፈርበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይህ አሜሪካና አውሮፓ ነው፣ ሳዑዲ ሌላ ናት የሚል ይኖራል። ሉዓላዊት አገር ናት፣ ለማንም አትሰማም ይባላል። ታዲያ ራሷ ያደረገችውን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በመካ አካባቢ ለብዙ ዘመን ያለ ወረቀት ለኖሩ በርማውያን የአራት ዓመት ኢቃማ መስጠት ጀምራለች፤ ተጠቃሚዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። የየመን ጦርነት ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በሳዑዲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ለነበሩ የመናውያን መሥራት የሚያስችል የጎብኚ መታወቂያ ሰጥታ፣ በየጊዜው እንዲታደስ አድርጋለች፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አገኙት። ጎረቤቷ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባወጀችው ምሕረት ወረቀት የሌለው ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ያለ ቅጣት መውጣት፣ ወይም አሠሪ አግኝቶ እዚያው መስተካከል። በዚያ አካባቢ ሕጋዊ መሆን የማይታሰብ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ልዩነቱ ማን ጠየቀ፣ ለማን ተጠየቀ የሚለው ነው።

የላኪው አገር ድርሻ ምን እንደሆነ ለማየት ደግሞ ወደ ታይላንድ መሄድ ይቻላል። ከምያንማር፣ ከላኦስና ከካምቦዲያ የገቡ ወረቀት አልባ ሠራተኞችን ታይላንድ ሕጋዊ ስታደርግ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሰው የማን ዜጋ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የምያንማር ባለሥልጣናት የገዛ ዜጎቻቸውን ማንነት እያረጋገጡ ጊዜያዊ ፓስፖርት መስጠት ጀመሩ፤ ፓስፖርቱን የያዘ ሰው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ቻለ። ሂደቱ ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ እዚያም ደላላ ገብቶበታል፣ ክፍያውም አስለቅሷል። መንግሥቱም ለዜጋው ርኅሩኅ የሚባል አልነበረም። ርኅሩኅ ያልሆነ መንግሥት ለዜጋው ፓስፖርት ማድረስ ከቻለ እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕግ ጥሰዋልና አይገባቸውም የሚለውም ይቀራል። አዎ፣ ጥሰዋል። ነገር ግን ድንበር ያለ ፈቃድ ማቋረጥና ሰው መግደል አንድ አይደሉም። በወንጀል የተፈረደበት ከዚህ ምሕረት ይውጣ፤ ማንም አይከራከርለትም። ደግሞም ጥሰቱን ብቻውን አልፈጸመውም። ወረቀት እንደሌለው እያወቀ ፍየሉን ያስጠበቀው፣ ደመወዙን ሲጠይቅ ፖሊስ እጠራብሃለሁ ያለው አሠሪ አብሮት ጥሷል። ሲታፈሱ የሚጫነው እረኛው ብቻ ነው። ኢቃማ ያለው እረኛ ደመወዙን ከሶ ያስከፍላል፤ ኢቃማ የሌለው ዝም ይላል። ስለዚህ ወረቀት አልባነትን በዋናነት የሚወደው ርካሽ ጉልበት የለመደው አሠሪ ነው። ሕግ ይከበር የሚለው ወገናችን ሳያውቀው ለዚህ ሰው ጥብቅና ቆሟል።

አገር ቤት ሥራ ይፈጠር የሚለውን ሁላችንም እንላለን። ሚኤሶ ላይ የመስኖ ውኃ፣ ጭሮ ላይ ፋብሪካ፣ ገለምሶ ላይ ለቡናና ለጫት የተሻለ ገበያ ቢኖር ስንቱ በቀረ! ግን ይህ የዓመታት ሥራ ነው፤ ልጁ ደግሞ ዘንድሮ 19 ዓመቱ ነው። የዛሬውን ሰው የነገ ፋብሪካ እስኪቆም ጠብቅ ማለት ምክር አይባልም። ደግሞም ሁለቱ አይጣሉም። ኢቃማ ያለው ሠራተኛ ሐዋላውን በባንክ ይልካል፣ ሲፈልግ ለእረፍት መጥቶ ይመለሳል፣ ያጠራቀመውን ይዞ ቆርጦ ይመጣል። ወረቀት የሌለው ግን ከወጣ ተመልሶ መግባት ስለማይችል ሳይወድ ዓመታት እዚያ ይቀራል። እንዲመለሱልን የምንፈልግ ከሆነ መውጣትና መግባት እንዲችሉ ማድረግ አለብን።

ይህን መጠየቅ የምንችለው ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች በላይ ስደተኛ ታስተናግዳለች። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 በምድሯ ለተጠለሉ ሰዎች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት በሕግ አውቃለች፤ አፈጻጸሙ ገና ብዙ ቢቀረውም። በቤቷ ላለው እንግዳ ወረቀት መስጠትን መርህ ያደረገች አገር ለልጇ በሰው ቤት ወረቀት ስጡልኝ ብትል አያሳፍራትም።

ጥያቄው በተግባር ምን ይመስላል? አንደኛ፣ በሪያድ ኤምባሲና በጂዳ ቆንስላ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ በምንም መንገድ ይግባ፣ ፓስፖርት ይሰጥ፤ ሠራተኛው ወዳለበት ወደ ጂዛንና ወደ ደቡቡ አካባቢም ተንቀሳቃሽ ቡድን ይሂድ። ፓስፖርት የሌለውን ሰው ሳዑዲ ብትፈልግ እንኳ ሕጋዊ ልታደርገው አትችልም። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የሚፈረም የመመለሻ ስምምነት ሁሉ የማስተካከያ አንቀጽ ይኑረው፦ አሠሪ ያለውና የወንጀል ሪከርድ የሌለበት ሰው ከመመለሱ በፊት ኢቃማ የመጠየቅ ዕድል ያግኝ። ሦስተኛ፣ ከሳዑዲ ጋር ያለው የሥራ ስምምነት ከቤት ሠራተኛ አልፎ እረኝነትን፣ እርሻንና የግንባታ ጉልበት ሥራን ይጨምር፤ እረኝነትና እርሻም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ጥበቃ ውስጥ እንዲገቡ ይጠየቅ። አራተኛ፣ ተመልሰው ለመጡት አሻራቸው እንዲነሳና ልምዳቸው በምዘና እንዲታወቅ፣ ምዝገባና ፓስፖርትም በጭሮና በሚኤሶ በቅርብ እንዲገኝ ይደረግ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ በየዓመቱ ለበረራና ለመቀበያ ከሚወጣው ይበልጣል ብዬ አላምንም፤ ይበልጥ ቢሆን እንኳ አስከሬን ከመልቀም ይሻላል።

በዞኑ በሚቀጥለው የስደት መከላከል ስብሰባ ላይ የሚቀመጡ የቦርደዴ አባቶችና እናቶች ከመድረኩ ተግሣጽ ብቻ ሰምተው አይመለሱ። እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከሳዑዲ ጋር በተፈረመው የሥራ ስምምነት ውስጥ ለወንድ ልጄ የተጻፈው አንቀጽ የቱ ነው? ባለሥልጣኑ መልስ ካለው ያንብብላቸው። ከሌለው ልጁን ሕገወጥ ብሎ ከመውቀሱ በፊት ያልተጻፈውን አንቀጽ ሄዶ ያስጽፍ።